ከቢያንኩር እስከ ሶሙር፦ የትንሿን ሬኖ ዱካ ተከትዬ

ሰኞ፣ ቢያንኩር

ትናንት ማታ ከሊዮን ፓሪስ ገብቼ ዛሬ ማለዳ በሜትሮ 9ኛ መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ፖን ደ ሴቭር ድረስ ተጓዝሁ። በሙያዬ መካኒክ ነኝ፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ መፍታት የተማርሁት አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው፣ እንጀራዬን የምበላው ደግሞ አሁን በሊዮን ዳርቻ በሚገኝ ጋራዥ ነው። የከተማችን የቤርሊዬ ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጭነት መኪና በተጨማሪ ኤፍ ቲ የተባሉ ወደ 800 የሚጠጉ ቀላል ታንኮችን በሬኖ ንድፍ እንደ ሠራ ከሰማሁ ጀምሮ ያቺን ታንክ በተወለደችበት፣ በተዋጋችበትና ባረፈችበት ቦታ ሁሉ ተከታትዬ ለማየት ስመኝ ኖሬአለሁ። የዘንድሮው የስድስት ቀን ዕረፍቴ ለዚሁ የተሰጠ ነው። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከጣቢያው ወጥቼ ወደ ሴን ወንዝ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ሴጋን የተባለችውን ደሴት ነው። ሬኖ ለስድሳ ዓመት ያህል መኪና የሠራባት ደሴት ዛሬ በአንድ ጫፏ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠርቶባታል። ብዙ ሰው ታንኪቱም የተሠራችው እዚያ ይመስለዋል፤ የደሴቲቱ ፋብሪካ ግን ሥራ የጀመረው በ1929 ሲሆን፣ ታንኪቱ የተወለደችው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በወንዙ ዳር በነበሩት የቢያንኩር ወርክሾፖች ነው። ሉዊ ሬኖ በ1898 የመጀመሪያ መኪናውን የገጣጠመው በዚሁ መንደር፣ በወላጆቹ የአትክልት ቦታ ውስጥ በነበረች ጎጆ ውስጥ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ግን ያ አነስተኛ ሥራ ጥይት፣ የአውሮፕላን ሞተርና የጭነት መኪና የሚያመርት፣ ብዙ ሴቶች የሚሠሩበት ሰፊ ፋብሪካ ሆኖ ነበር።

የታንኪቱ ታሪክ የሚጀምረው ዣን ባቲስት ኤስቲየን በተባለ የመድፈኛ ኮሎኔል ነው። ኤስቲየን እንግሊዞች መድፍ የሚጎትቱበትን፣ በአሜሪካ ለእርሻ የተሠራውን ባለ ሰንሰለት የሆልት ትራክተር አይቶ፣ ይህ ነገር ብረት ቢለብስ እሾሃማ ሽቦውንም የምሽጉን ጉድጓድም ተሻግሮ እግረኛውን ይመራል ብሎ አሰበ። በዲሴምበር 1915 ሐሳቡን ለጠቅላይ አዛዡ ለዦፍር ጻፈ፤ በዚያው ወር ሬኖን ቢጠይቀው ሬኖ ሥራ እንደ በዛበት፣ በሰንሰለት የሚሄድ መኪናም ሠርቶ እንደማያውቅ ገልጾ እንቢ አለው። በጁላይ 1916 ሁለቱ ፓሪስ በአንድ ሆቴል ሲገናኙ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኤስቲየን በዚህ ጊዜ የፈለገው ትልቅ ታንክ አልነበረም፤ እንደ ንብ መንጋ በብዛት የሚወጡ ትንንሽ ታንኮችን ነበር። ሬኖም እያንዳንዱን ነገር በብዛት ለማምረት በሚያስችል መንገድ የሚያስብ ሰው ስለ ነበር ሐሳቡ ልቡን ነካው። ንድፉን በወረቀት ያሰፈረው ሮዶልፍ ኤርንስት ሜትዝማዬር የተባለ መሐንዲሱ ሲሆን፣ የእንጨት አምሳያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀረበ።

ተቃውሞው ከጠላት በፊት ከቤት መጣ። በጦር ሚኒስቴር የመኪና ጉዳይ ይመለከታቸው የነበሩ ሹማምንት፣ በተለይም ጄኔራል ሙሬ፣ ታንኪቱ በጣም ቀላል ናት፣ ሁለት ሰው ብቻ ይዛ ምን ትሠራለች እያሉ ሥራውን አጓተቱ። ከዚያም የማማዋ፣ ማለትም መሣሪያው የሚቀመጥበት የላይኛው ክፍሏ፣ ብረት አቀላለጥና የመድፏ አቅርቦት ሌላ መዘግየት ጨመረ። በዚህ ምክንያት በ1917 ዓመቱን ሙሉ የተሠሩት 84 ብቻ ነበሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ በዚያ ዓመት በምሽግ ሽቦ ላይ ተሰቅለው የቀሩት እግረኞች ስንት እንደ ነበሩ ስለማስብ ነው።

ማክሰኞ፣ አንቫሊድ

የፓሪስ የጦር ሙዚየም በአንቫሊድ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለት የሬኖ ሥራዎች በአንድ ጣራ ሥር ይገኛሉ፤ አንደኛዋ በሴፕቴምበር 1914 ወታደሮችን ወደ ማርን ግንባር ካመላለሱት ታክሲዎች መካከል ያለች ዓይነት፣ ሁለተኛዋ እኔ የመጣሁላት ኤፍ ቲ ናት። ስለ ስሟ አንድ ነገር ልናገር፦ ኤፍ ቲ የፋብሪካው የፕሮጀክት መለያ ፊደል እንጂ የምንም ቃል ምህጻር አይደለም፤ ኤፍ ቲ 17 የሚለው አጠራርም በኋላ የመጣ ነው።

ከጎኗ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። ቁመቷ ከእኔ በጥቂቱ ትበልጣለች፣ ከ2 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ወርዷ 1.74 ሜትር ነው፤ ርዝመቷ የኋላ ጭራዋን ጨምሮ 5 ሜትር ነው። ያ ጭራ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ታንኪቱ አጭር ስለሆነች ሰፋ ያለ ጉድጓድ ስትሻገር ወደ ኋላ እንዳትገለበጥ ይደግፋታል፤ በዚህም እስከ 1.8 ሜትር የሚሰፋ ምሽግ ትሻገር ነበር። የፊቱ ትልቅ ጎማ ብረት በከበበው እንጨት እንደ ተሠራ ሳይ ተገረምሁ፤ በየቦታው ደግሞ ባሌስትራና ስፕሪንግ ተሸሽጎ ይታያል። ክብደቷ ከ6.5 እስከ 7 ቶን ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ሌሎች ታንኮች ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይመዝኑ ነበር።

መካኒክን የሚያስደስተው ግን የአቀማመጧ ነገር ነው። ነጂው ከፊት፣ ተኳሹ መሐል ላይ በማማው ውስጥ፣ ሞተሩ ከኋላ በብረት ግድግዳ ተለይቶ ተቀምጧል። ዛሬ ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ በ1916 ግን ማንም እንዲህ አድርጎ አልሠራም ነበር። በእንግሊዞቹ ታንኮች ውስጥ ስምንት ሰዎች በሞተሩ ዙሪያ፣ በጭሱና በግለቱ መካከል ይሠሩ ነበር፤ በፈረንሳዮቹ ትልልቅ ታንኮችም መድፉ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለማነጣጠር መላው ታንክ መዞር ነበረበት። የኤፍ ቲ ማማ ግን በራሱ ሙሉ ክብ ይዞራል። የሚያዞረው ሞተር የለም፤ መዘውርም የለም፤ ተኳሹ እጀታዎቹን ይዞ በክንዱና በትከሻው ይገፋዋል። በውስጡ አንድ 37 ሚሊ ሜትር የፒቶ መድፍ ወይም አንድ 8 ሚሊ ሜትር የሆችኪስ መትረየስ ይገኛል፤ አንዷ ታንክ ሁለቱንም አትይዝም።

ሞተሩ አራት ሲሊንደር ሲሆን ጉልበቱ 39 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ካምቢዮው አራት የፊት ማርሽና አንድ የኋላ ማርሽ አለው። መሪ የሚባል ነገር የለም፤ ነጂው በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ዘንጎች የየጎኑን ፍሪሲዮንና ፍሬን ይዞ አንዱን ሰንሰለት ሲያቆም ሌላው ያዞራታል። ፍጥነቷ በጥሩ መሬት በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ሰንሰለቷም ቶሎ ስለሚበላ ወደ ግንባር የምትወሰደው በጭነት መኪና ወይም በተጎታች ነበር። ዋና ዋና ሕመሞቿ የቬንቲላተሩ ቺንጋ መበጠስና የነዳጅ ማጣሪያው ችግር ነበሩ። ይህን ሳውቅ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበሩ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የተገናኘሁ ያህል ተሰማኝ፤ ቺንጋ የተበጠሰበት ሰው በጥይት መካከል ምን እንደሚያስብ ለመገመት ሞክሬ አልቻልሁም።

በውስጧ ድምፅ ስለማይሰማ ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት በመነካካት ነበር። አዛዡ፣ ማለትም ተኳሹ ራሱ፣ ከነጂው ጀርባ ከፍ ብሎ ስለሚሆን፣ ጀርባውን በእግሩ ሲመታው ወደ ፊት፣ ቀኝ ትከሻውን ሲነካው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲነካው ወደ ግራ፣ ራሱን ሲነካው ደግሞ ቁም ማለት ነበር። አዛዡ የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረም፤ ከግራ ወደ ቀኝ በተወጠረ ጠፍር ላይ ያርፍ ነበር።

ረቡዕ፣ ቤሪ ኦ ባክ

ማለዳ በባቡር ሬምስ ደርሼ ትንሽ መኪና ተከራየሁ፤ ከዚያ በላዖን መንገድ ወደ ሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁ። ቤሪ ኦ ባክ በኤን ወንዝ ላይ ያለች መንደር ናት፤ የፈረንሳይ ታንከኞች ብሔራዊ መታሰቢያ ከመንደሩ ወጣ ብሎ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ይገኛል። ዙሪያውን በኋለኛው ዘመን የተሠሩ ታንኮች ቆመዋል፤ የጭነት መኪኖች በጎኑ ያለማቋረጥ ያልፋሉ።

ኤፍ ቲ እዚህ አልተዋጋችም። የመጣሁት ለምን እንዳስፈለገች ለመረዳት ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 1917 ፈረንሳዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ታንክ ያሰለፉት በዚህ ሜዳ ሲሆን፣ ከ120 በላይ የሽናይደር ታንኮች በሁለት ረድፍ ከወንዙ ተነሥተው ወጡ። ጀርመኖች ከከፍታው ላይ ሆነው ያዩአቸው ነበር። የሽናይደር ነዳጅ ማጠራቀሚያ ከፊት ስለ ነበር አንድ ጥይት በቦታው ሲያርፍ ታንኩ ከነሰዎቹ ይነድ ነበር፤ የአንዱን ረድፍ የመራው ሻለቃ ሉዊ ቦሱ በገዛ ታንኩ ውስጥ ሞተ። በዚያ ቀን ከወጡት ታንኮች ግማሽ ያህሉ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ካሉት ጽሑፎች ፊት ኮፍያዬን አውልቄ ቆምሁ። በእሳት የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን በጥድፊያ ማንበብ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለ ጣለ ወደ ስዋሶን ነድቼ በጊዜ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ፕሏዚ፣ ሾደን፣ የሬትዝ ጫካ

የጉዞውን ሳምንት የመረጥሁት ዛሬን አስቤ ነው። ኤፍ ቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋችው ሜይ 31 ቀን 1918 ከስዋሶን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በፕሏዚና በሻዜል መንደሮች አጠገብ ነበር፤ እኔም ሜዳውን በዚያው ወቅት፣ ስንዴው በዚያው ቁመት ላይ እያለ ለማየት ፈለግሁ። መኪናዬን ፕሏዚ አቁሜ በእግሬ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ከላይ ያለው አምባ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ስንዴው ከጉልበቴ በላይ ደርሷል፤ ጫፍ ላይ ሲደረስ መሬቱ በድንገት ወደ ሸለቆ ይወርዳል። መትረየስ ይዞ በስንዴው ውስጥ የተኛ ሰው ከአሥር እርምጃ ርቀት አይታይም።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። ጀርመኖች ሜይ 27 በሸመን ዴ ዳም በኩል ሰብረው በአራት ቀን ውስጥ ወደ ማርን ወንዝ ደረሱ፤ ስዋሶን ወደቀች፤ ፓሪስም እንደገና ሰጋች። ኤስቲየን ትንንሾቹን ታንኮች በአንድ ታላቅ ቀን በመቶዎች አሰልፎ ጠላትን ለማስደንገጥ ነበር ያቆያቸው፤ ችግሩ ግን ጊዜ አልሰጠም። የ501ኛው ሬጅመንት ታንኮች በጭነት መኪና እየተጫኑ መጥተው፣ መሬቱን በቅጡ ሳያዩ፣ ከሞሮኮ ዲቪዚዮን እግረኞች ጋር በቀን ብርሃን እንዲወጡ ታዘዙ። ሃያ አንድ ታንኮች በዚህ ስንዴ ውስጥ ገቡ። ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ገፍተው ብዙ መትረየስ ዝም አሰኙ፤ እግረኛው ግን በጎን በሚመጣ ተኩስ ተይዞ ሊከተላቸው አልቻለም። ታንከኞቹ ተመልሰው እግረኞቹን ፈልገው እንደገና ሊያወጧቸው ሞከሩ፤ ሳይሆን ቀረና የተያዘው መሬት ተለቀቀ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ውጊያ ከሽፏል ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ታንክ መሬት ይከፍታል፣ መሬት የሚይዘው ግን እግረኛ ነው፤ ሁለቱ አብረው ካልሠለጠኑ አንዱ ለሌላው አይደርስም። በዚህ አምባ ላይ ቆሜ ወደ ኋላ ስመለከት፣ ታንከኞቹ ለመመለስ የወሰኑበት ርቀት ስንት ክፋት እንዳለው በዓይኔ አየሁት፤ መጠለያ የሚሆን አንድ ዛፍ እንኳ የለም። በዚያ ርቀት ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ሰው መፈለግ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ታማኝነትም ነው።

ከሰዓት በኋላ በሾደን በኩል አልፌ ወደ ሬትዝ ጫካ ሄድሁ። ጄኔራል ማንዣን ጦሩን የሸሸገው በዚህ፣ የቪሌር ኮትሬ ጫካም በሚባለው ጫካ ውስጥ ነበር። በጁላይ 17 ሌሊት ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ የታንኮቹን ሞተር ድምፅ ሸፈነለት፤ በማግሥቱ ከማለዳው 10 ሰዓት ከ35 ደቂቃ በእኛ አቆጣጠር፣ ያለ ምንም የመድፍ ዝግጅት፣ ጦሩ በድንገት ተነሣ። በሁለቱ ጦሮች፣ በማንዣንና በጄኔራል ዴጉት እጅ ከ470 በላይ ታንኮች ነበሩ። በማንዣን በኩል ሽናይደርና ሴን ሻሞን የተባሉት ትልልቅ ታንኮች የመጀመሪያውን መስመር ሲሰብሩ፣ ትንንሾቹ ሬኖዎች በተጠባባቂነት ቆይተው ከኋላ ተከተሉ፤ በስተ ግራና ቀኝ የአሜሪካ 1ኛና 2ኛ ዲቪዚዮኖች፣ መሐል ላይ ደግሞ ያው የሞሮኮ ዲቪዚዮን ነበር። በሜይ የተለቀቀው የሾደን አምባ በጁላይ ተመለሰ። ከዚያች ማለዳ በኋላ ጀርመኖች በምዕራብ ግንባር ዳግመኛ ለማጥቃት አልቻሉም።

ጫካው ውስጥ የሰባ ወይም የሰማንያ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች በብዛት አሉ። ሌሊቱን በዝናብ ሞተር አጥፍቶ የጠበቀውን ነጂ እያሰብሁ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥሁ።

ዓርብ፣ ሻምፕልዩና ኮምፒየኝ

በሻምፕልዩ ብዙ አልቆየሁም። በ1917 ኤስቲየን ታንከኞቹን ያሠለጠነው በዚህ ነበር፤ ዛሬ እርሻና የጥንት ሮማውያን ፍርስራሽ ይታያል።

በኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ ወዳለው የተኩስ አቁም ስምምነት ሜዳ ስደርስ አንዲት ኤፍ ቲ ከሙዚየሙ ደጅ ቆማ ተቀበለችኝ። ኖቬምበር 11 ቀን 1918 በተባባሪዎቹ ጦሮች ጠቅላይ አዛዥ በማርሻል ፎሽ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ጦርነቱ ሲቆም ለፈረንሳይ ጦር 2,697 ኤፍ ቲዎች ተረክበው ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት 84 ብቻ እንደ ነበሩ ሳስብ፣ በቢያንኩርና በቤርሊዬ፣ በሶሙአና በዴሎኔ ቤልቪል ወርክሾፖች የሠሩት ሰዎች ድካም ይታየኛል። ፓቶን የተባለው አሜሪካዊ መኮንንም በዚያው ሴፕቴምበር በሴን ሚየል የመራቸው ታንኮች እነዚሁ ሬኖዎች ነበሩ።

ሆኖም ይኸው ሜዳ ሌላ ቀንም አይቷል። በጁን 1940 ሂትለር ፈረንሳይን እዚህ፣ በዚያው ፉርጎ ውስጥ አስፈረማት። በዚያ ዓመት የፈረንሳይ ጦር አሁንም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤፍ ቲዎችን ለውጊያ ማሰለፉ ነው እኔን የሚያስቆጨኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! ለጥይት መከላከያ የተሠራ ብረት የፀረ ታንክ መድፍን ሊቋቋም አይችልም፤ በእግረኛ ፍጥነት የምትሄድ ታንክም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ልትይዝ አትችልም። ጥፋቱ የታንኪቱ አልነበረም፤ በተወለደችበት ዓመት ከማንም ትበልጥ ነበር፤ ከሚገባት ዕድሜ በላይ እንድታገለግል ያዘዟት ናቸው ያጠፉት። ጀርመኖችም ብዙዎቹን ማርከው ለአውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ አዋሏቸው፤ በኦገስት 1944 በፓሪስ አመፅ ጊዜ በገዛ አገሯ ጎዳና ላይ በፈረንሳውያን ላይ ተኩሰውባታል። ሉዊ ሬኖ ራሱ ለጀርመኖች በመሥራት ተከሶ ታስሮ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሞተ፤ ፋብሪካውም በ1945 የመንግሥት ሆነ።

ቅዳሜ፣ ሶሙር

ትናንት ማታ መኪናውን መልሼ ዛሬ ማለዳ በባቡር ወደ ሎዋር ወንዝ ወረድሁ። የሶሙር የታንክ ሙዚየም ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታንኮች ያሉበት ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ብቸኛዎቹ ሽናይደርና ሴን ሻሞን ከአሜሪካ ተመልሰው እዚህ ይገኛሉ። ሦስቱን በተርታ ማየት የሳምንቱን ትምህርት ሁሉ ይሰበስባል፦ አንዱ ከፊት ነዳጅ ተሸክሟል፣ ሌላው አፍንጫው ከሰንሰለቱ ቀድሞ ወጥቶ በጉድጓድ አፋፍ ይተከላል፣ ትንሿ ግን ሰንሰለቷ ከአካሏ ቀድሞ መሬቱን ይነካል።

የኤፍ ቲ ልጆች ብዙ አገር ሄደዋል። ፖሎኒያ በ1919 ትልቅ ቁጥር ወሰደች፤ ሩሲያውያን በኦዴሳ አቅራቢያ የማረኩትን አይተው የራሳቸውን ሠሩ፤ አሜሪካም ጣሊያንም እንዲሁ። የጣሊያኑ ፊያት 3000 ሲሆን፣ ከጦርነቱ በፊት በጥቂት ቁጥር ወደ አገራችንም ገብቶ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው የጣሊያን ታንክ ነው። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ያመጣቸው ትንንሾቹ ሲቪ ታንኮች እንደ ኤፍ ቲ ሁለት ሰው ይይዛሉ፤ የሚዞር ማማ ግን የላቸውም፤ መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ይመለከታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ጦር በሽሬ በኩል፣ በደምበጉይና ሲገጥማቸው ሰዎቻችን ይህን ወዲያው አስተዋሉ። ከኋላና ከጎን እየሮጡ ደርሰው ታንኮቹን ከጥቅም ውጪ አደረጓቸው። ያ ጀግንነት በልጅነቴ በቤታችን በተደጋጋሚ ሲወራ ሰምቼዋለሁ፤ የነገሩን ግማሽ፣ ማለትም የብረቱን በኩል፣ የተረዳሁት ግን በዚህ ሳምንት ነው። በ1916 ቢያንኩር ላይ ሁለት ሰዎች አስበው የፈቱትን ነገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ታንክ የሠሩት ሰዎች ለርካሽነት ሲሉ ትተውታል፤ አባቶቻችንም የተተወውን ቦታ በዓይናቸው አግኝተውታል።

ስለ ማማው ብዙ ጠየቅሁ መሰለኝ፣ ከሙዚየሙ በጎ ፈቃደኞች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ታንከኛ አዛውንት፣ ሙያዬን ሲሰሙ የኋላውን መዝጊያ ከፍተው ወደ ውስጥ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። የዘይትና የአሮጌ ብረት ሽታ አለው። ጠፍሩ በቦታው ተወጥሯል፤ ከፊት ዝቅ ብሎ የነጂው ቦታና ሁለቱ ዘንጎች ይታያሉ፤ የአንዱ ጀርባ ከሌላው እግር አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። አዛውንቱ ቀስ ብለው ገቡ፣ እጀታዎቹን ያዙ፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉ። መድፉ ከፊቴ ተነሥቶ በስተ ቀኝ አለፈ፣ ሞተሩ ያለበትን የኋላውን ጎን ተሻገረ፣ ተመልሶም በግራ በኩል መጥቶ ቆመ።